የ30,000 ኮምፒውተሮች ትምህርት፦ የምሥራቃዊ ክልል ድርጅቶችና የመረጃ ቴክኖሎጂ አስተዳደር ፈተና

ደማም፦ ዕለቱ ረቡዕ፣ ረመዷን 27 ቀን 1433 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 2012 ነበር። የተከበረው ወር የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት በመሆናቸው በሳውዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ክልል የሚገኙ መሥሪያ ቤቶች ጭር ብለው ነበር። ከደማምና ከኹበር አጠገብ በምትገኘው በዘህራን ከተማ፣ በሳውዲ አራምኮ ዋና መሥሪያ ቤትም አብዛኛው ሠራተኛ ዕረፍት ላይ ነበር። ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ላይ በቢሮ የቀሩት ጥቂት ሠራተኞች ያልጠበቁትን ነገር ተመለከቱ። በኮምፒውተሮቻቸው ውስጥ የነበሩ ሰነዶች አንድ በአንድ ይጠፉ ጀመር፤ በቦታቸው የሚቃጠል ሰንደቅ ዓላማ ምስል ተተካ፤ ከዚያም ኮምፒውተሮቹ ጠፍተው ዳግመኛ አልነሳም አሉ።

በኋላ «ሻሙን» የሚል ስም የተሰጠው ይህ ቫይረስ ወደ 30,000 የሚጠጉ የቢሮ ኮምፒውተሮችን መጉዳቱን ኩባንያው ራሱ አስታውቋል። በዚያን ጊዜ በአንድ ድርጅት ላይ ከደረሱ የኮምፒውተር ጥቃቶች መካከል እጅግ አውዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ጉዳዩ የአንድ ኩባንያ የውስጥ ጣጣ ብቻ ሆኖ የሚታይ አልነበረም። አራምኮ በዓለም ትልቁ የነዳጅ ዘይት አምራች ሲሆን፣ በደማም፣ በኹበርና በዘህራን ያሉ በርካታ የጥገና፣ የትራንስፖርት፣ የምግብ አቅርቦትና የግንባታ ድርጅቶች በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከእርሱ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። በእነዚህ ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩ የልዩ ልዩ አገሮች ዜጎችም የዕለት እንጀራቸው ከዚሁ ሰንሰለት ጋር የተያያዘ ነው።

ዛሬ ያ ዕለት ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ያስነሣው ጥያቄ ግን አሁንም በየመሥሪያ ቤቱ ትኩስ ነው። አንድ ድርጅት የመረጃ ቴክኖሎጂውን በአግባቡ ማስተዳደር የሚሳነው ለምንድን ነው? መሣሪያ በመግዛት ብቻ የማይፈታው ችግርስ የቱ ነው?

ዘይቱ ሳይቆም ቢሮው የቆመበት ምክንያት

ጥቃቱ ከደረሰ ከ11 ቀናት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 26 ቀን 2012፣ ኩባንያው ባወጣው መግለጫ የተጎዱት ዋና ዋና የውስጥ ኔትወርክ አገልግሎቶች ወደ ሥራ መመለሳቸውን ገልጿል። የነዳጅ ፍለጋና ምርት ሥራው እንዳልተነካም አረጋግጧል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር የኩባንያውና የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ኃላፊዎች በሰጡት መግለጫ ደግሞ የአጥቂዎቹ ዓላማ የነዳጅና የጋዝ አቅርቦትን ማቋረጥ እንደነበረ፣ ይህም እንዳልተሳካላቸው ተናግረዋል።

ያልተሳካበት ምክንያት ለማንኛውም ድርጅት ትምህርት የሚሆን ነው። የነዳጅ ጉድጓዶችን፣ ቧንቧዎችንና ማጣሪያዎችን የሚቆጣጠሩት ሥርዓቶች ኢሜይልና የሒሳብ ሰነድ ከሚመላለስበት የቢሮ ኔትወርክ ተነጥለው ነው የሚሠሩት። ቫይረሱ በቢሮው ክፍል እንደ ሰደድ እሳት ቢዛመትም ወደ ማምረቻው የሚያሻግረው ድልድይ አላገኘም። ገበሬ እሳት እንዳይዛመት በማሳው መካከል አፈሩን ገልጦ ባዶ መስመር እንደሚያበጅ ሁሉ፣ የኔትወርክ አስተዳዳሪም የድርጅቱን ሥርዓቶች እንደ ጥቅማቸውና እንደ ክብደታቸው ይለያል።

በቢሮው በኩል የታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ሻሙን አንድ ኮምፒውተር ከያዘ በኋላ በኔትወርኩ ውስጥ ወደ ሌላው ይሻገር፣ የተሰጠው ሰዓት እስኪደርስ አድፍጦ ይቆይ፣ ሰዓቱ ሲደርስም ሰነዶችንና ኮምፒውተሩ የሚነሣበትን የሃርድ ዲስክ ክፍል ያጠፋ ነበር። ሥራውን ያከናወነበት አንደኛው መሣሪያ በራሱ ሕጋዊ የሆነና ለሌላ ዓላማ የተሠራ የንግድ ሶፍትዌር አካል ነበር። የቫይረሱ አሠራር ረቂቅ ነው ለማለት የሚያስደፍር እንዳልነበረ፣ ውስጡን የመረመሩ ባለሙያዎች የፕሮግራም አጻጻፍ ስሕተቶች ጭምር አግኝተውበታል። ይህን ያህል ጥፋት ለማድረስ የበቃው ብዙ ኮምፒውተሮች ያለ በቂ መከለያ እርስ በርስ ተያይዘው ስላገኛቸውና ሰው በሌለበት ቀን ስለተነሣ ነው።

ወረቀት፣ ፋክስና የጽሕፈት መኪና

ከጥቃቱ በኋላ የኩባንያው የውጭ አገር ቢሮዎችን የመረጃ ደኅንነት እንድታደራጅ የተቀጠረችው ባለሙያ ክሪስ ኩቤካ እ.ኤ.አ. በ2015 በሰጠችው ማብራሪያ፣ በዚያ ሰሞን የነበረውን የቢሮ ሕይወት ገልጻለች። እርሷ እንደተናገረችው የቢሮ ስልኮችና ኢሜይሎች ተቋርጠው ነበር። ሠራተኞች ወደ ጽሕፈት መኪና ተመለሱ፤ ብዙ ገንዘብ የሚያወጡ ውሎች ገጽ በገጽ በፋክስ ይላኩ ነበር። ክፍያ የሚፈጸምበት ሥርዓት በመቋረጡ ነዳጅ ሊጭኑ የመጡ ቦቴ መኪናዎች ባዶአቸውን ይመለሱ ነበር። በመጨረሻም የአገር ውስጥ አቅርቦት እንዳይቋረጥ ሲባል ለተወሰነ ጊዜ ነዳጁ ያለ ክፍያ እንዲጫን መደረጉን፣ ኩባንያው 50,000 ያህል ሃርድ ዲስኮችን በአንድ ጊዜ መግዛቱን፣ አዲስ የተጠናከረው ኔትወርክ ሙሉ በሙሉ ወደ ሥራ የገባውም ከወራት በኋላ መሆኑን ባለሙያዋ አስረድታለች።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው የመጀመሪያው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ነዳጁ ከመሬት ይወጣ ነበር፤ ግን ማን ምን ያህል እንደጫነ የሚመዘግብ፣ ሒሳቡን የሚያወራርድ አልነበረም። ምርትና አስተዳደር ሁለት እግሮች ናቸው፤ አንዱ ሲሰበር ሌላው ብቻውን ብዙ አይራመድም። ስለዚህም አንድ ድርጅት «ኮምፒውተር ለአንድ ሳምንት ባይኖር ደመወዝ እንዴት እንከፍላለን? ዕቃ እንዴት እንረከባለን? ደንበኛን እንዴት እናናግራለን?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ ማኖር ይገባዋል።

ሁለተኛው ቁም ነገር የመጠባበቂያ ቅጂ ጉዳይ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ቅጂ አለን ይላሉ። ቅጂው ግን ከዋናው ሰርቨር ጋር በአንድ ክፍል፣ በአንድ ኔትወርክ የተያያዘ ከሆነ ዋናውን ያጠፋ ቫይረስ እርሱንም ያጠፋዋል። ባለሙያዎች የሚመክሩት የተለመደ መለኪያ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ ቢያንስ አንዱ ከግቢው ውጭ የሚል ነው። በዚህ ላይ ቅጂው በእርግጥ ይመለስ እንደሆነ በየጊዜው መሞከር ያስፈልጋል። ተሞክሮ የማያውቅ ቅጂ በአደጋ ቀን ተስፋ እንጂ ዋስትና ሊሆን አይችልም።

ቫይረሱ ሲመለስ

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 2016 ምሽት፣ ሻሙን ታድሶ ተመለሰ። በ2012 ጥቃቱ የደረሰው የሳምንቱ ዕረፍት ሐሙስና ዓርብ በነበረበት ዘመን በሥራ ሳምንቱ የመጨረሻ ቀን ረቡዕ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ዕረፍቱ ወደ ዓርብና ቅዳሜ ሲዞር አጥቂዎቹም አብረው ዞሩ፤ ሁለተኛው ጥቃት ሐሙስ ምሽት፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ተነሣ። በርካታ የመንግሥት ተቋማትም የጉዳቱ ሰለባ ሆኑ።

በጃንዋሪ 2017 ሌላ ዙር ተከተለ። በዚያው በምሥራቃዊ ክልል፣ በጁበይል የኢንዱስትሪ ከተማ የሚገኘው የሳዳራ ኬሚካል ኩባንያ የኔትወርክ መቋረጥ እንደገጠመውና ለጥንቃቄ ሲል ከኔትወርኩ ጋር የተያያዙ አገልግሎቶችን ሁሉ እንዳቆመ፣ የማምረት ሥራው ግን እንዳልተነካ አስታወቀ።

የደኅንነት ተመራማሪዎች የ2016ቱን ቫይረስ ሲመረምሩ በውስጡ አስቀድመው የተሰረቁ የተጠቃሚ ስሞችና የይለፍ ቃላት ተጽፈው አገኙ። ይህ ማለት አጥቂዎቹ ከፍንዳታው ቀን ቀደም ብለው ወደ ድርጅቶቹ ገብተው ቁልፉን ወስደው ነበር ማለት ነው። በሩ የተሰበረው በዚያ ሐሙስ ምሽት አልነበረም፤ ቀደም ሲል ማንም ሳያስተውል ተከፍቶ ነበር። አንድ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ መለያው ወዲያው ይዘጋል ወይ? የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያለው የይለፍ ቃል በስንት ሰው እጅ ይገኛል? ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደገባ የሚያሳየውን መዝገብ የሚያየው ሰው አለ ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ውድ መሣሪያ የሚጠይቁ አይደሉም፤ የሚጠይቁት ሥርዓትና ክትትል ነው።

ከቴክኒክ ክፍል ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ

የሳውዲ መንግሥት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 ማብቂያ ላይ ብሔራዊ የሳይበር ደኅንነት ባለሥልጣንን በንጉሣዊ ትእዛዝ አቋቋመ። ባለሥልጣኑ በ2018 ያወጣቸው መሠረታዊ የሳይበር ደኅንነት መቆጣጠሪያዎች በወጡበት ጊዜ በ5 ዋና ዋና ምዕራፎች የተከፈሉ 114 ግዴታዎችን የያዙ ነበሩ፤ የመንግሥት ተቋማትንና ወሳኝ መሠረተ ልማት የሚያስተዳድሩ የግል ድርጅቶችን ያስገድዳሉ።

ከእነዚህ ግዴታዎች አንዱ ልብ ሊባል ይገባዋል። የሳይበር ደኅንነት ክፍሉ ከመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍሉ ነጻ ሆኖ መደራጀት አለበት፤ ለድርጅቱ የበላይ ኃላፊ በቀጥታ ተጠሪ ቢሆንም ይመረጣል። ምክንያቱ ከሰው ጠባይ የሚነሣ ነው። የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል የሚመዘነው ሥራ ሳይቋረጥ በፍጥነት በመሄዱ ነው፤ የደኅንነት ክፍል ደግሞ አንዳንዴ «ቁሙ፣ ይመርመር» ማለት ይኖርበታል። ሁለቱ በአንድ አለቃ ሥር ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ጥድፊያው ነው። ሒሳብ ሠሪና ሒሳብ መርማሪ አንድ ሰው እንዳይሆኑ የሚደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የግል መረጃ ጥበቃ ሕጉም በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2023 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ሕግ ለድርጅቶች የአንድ ዓመት የመዘጋጃ ጊዜ ሰጥቶ ከሴፕቴምበር 14 ቀን 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ተፈጻሚ ሆኗል። አፈጻጸሙን የሚከታተለው የሳውዲ የዳታና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ባለሥልጣን ነው። የሰዎችን መረጃ የያዘ ድርጅት መረጃው ሾልኮ በባለቤቱ ላይ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሲሆን በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት፤ ሕጉን የጣሰም እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል ሊቀጣ ይችላል። ሕጉ ጥበቃውን የሰጠው በአገሪቱ ውስጥ መረጃቸው ለሚሰበሰብ ሰዎች ሁሉ በመሆኑ የውጭ አገር ሠራተኛው የፓስፖርት ቅጂ፣ የኢቃማ ቁጥርና የሕክምና ማስረጃም በጥበቃው ውስጥ ይገባል።

በኹበር ያለች ትንሽ ቢሮም ተጠያቂ ናት

ትልልቆቹ ድርጅቶች አጥራቸውን ሲያጠናክሩ አጥቂዎች የሚፈልጉት ዝቅተኛውን አጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አጋማሽ የአራምኮ የተወሰነ መረጃ በወንበዴዎች እጅ ገብቶ 50 ሚሊዮን ዶላር መጠየቁ ተሰምቶ ነበር። ኩባንያው በሰጠው መግለጫ መረጃው የተገኘው ከሦስተኛ ወገን ኮንትራክተሮች ዘንድ እንጂ ከራሱ ሥርዓት እንዳልሆነ አስረድቷል።

ይህ ሥጋት አስቀድሞም የታወቀ ስለነበር አራምኮ ለአቅራቢዎቹና ለኮንትራክተሮቹ የሚሆን የሳይበር ደኅንነት መለኪያ አውጥቶ፣ መለኪያውን ማሟላታቸው በተፈቀደላቸው መርማሪዎች ተረጋግጦ የምስክር ወረቀት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። በዚህም የተነሣ በኹበር ጎዳናዎች ላይ በአንድ ፎቅ የተወሰነ፣ ጥቂት ጸሐፊዎችና አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ያሉት ድርጅት ጭምር የይለፍ ቃል ፖሊሲ፣ የሠራተኛ ሥልጠና፣ የጸረ ቫይረስ ቁጥጥርና የመጠባበቂያ ቅጂ እንዳለው ማሳየት ይጠበቅበታል። ውሉን የሚያገኘው ይህን ሲያሟላ ነው።

የግብር ሥርዓቱም ትንንሽ ነጋዴዎችን ወደዚሁ ዓለም አስገብቷቸዋል። የዘካ፣ የግብርና የጉምሩክ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 4 ቀን 2021 ጀምሮ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገቡ ድርጅቶች በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ መስጠታቸውን አቁመው በኤሌክትሮኒክ እንዲያወጡ አድርጓል። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ደግሞ የድርጅቶቹ ሥርዓት ከባለሥልጣኑ ሥርዓት ጋር በየተራ እንዲያያዝ ተደርጓል። ለትልቅ ድርጅት ይህ አንድ ተጨማሪ ሥራ ነው። ለደማም ትንሽ ነጋዴ ግን ሶፍትዌር መግዛት፣ ማሳደስ፣ መረጃውን ለዓመታት ማኖርና ሲበላሽ የሚጠግን ሰው መፈለግ ማለት ነው።

የትንንሽ ድርጅቶች ዋነኛ ፈተና እዚህ ላይ ይታያል። ብዙውን ጊዜ የመረጃ ቴክኖሎጂ ሥራው በሙሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። የይለፍ ቃሎቹን የሚያውቀው፣ ሶፍትዌሩን የገዛው፣ ከሻጩ ጋር የሚነጋገረው እርሱ ብቻ ነው። ያ ሰው ታሞ ቢተኛ ወይም ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ቢሄድ ድርጅቱ የራሱን ቤት ቁልፍ ያጣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» እንዲሉ፣ ዕውቀቱ ተጽፎ ለተወሰኑ ታማኝ ሰዎች ቢከፋፈል ሸክሙም ይቀላል፣ አደጋውም ይቀንሳል።

ለሠራተኛው ምን ማለት ነው?

ይህ ሁሉ ከቢሮ ውጭ ለሚሠራው ሰው ሩቅ ጉዳይ መስሎ ሊታየው ይችላል። ነገር ግን የውጭ አገር ሠራተኛው ሕይወት ራሱ በእነዚህ ሥርዓቶች ውስጥ ያልፋል። አሠሪዎች ደመወዝ መክፈላቸው እ.ኤ.አ. በ2013 በተጀመረው የደመወዝ ጥበቃ ሥርዓት በኩል ይመዘገባል። የኢቃማ እድሳት፣ የመውጫና የመመለሻ ቪዛ በአብሸርና በሙቂም በኩል ይፈጸማል። የድርጅቱ ኮምፒውተር ሲቆም ወይም ሥልጣኑ ያለው ሰው ሲጠፋ መጀመሪያ የሚዘገየው የሠራተኛው ጉዳይ ነው። እናቱን ሊቀብር ወይም ሊድር ትኬት የቆረጠ ሰው በአንድ ያልታደሰ መለያ ምክንያት ቀኑ ሊያልፍበት ይችላል።

በሌላ በኩል ሠራተኛው ራሱ የድርጅቱ በር ነው። ክሪስ ኩቤካ በሰጠችው ማብራሪያ መሠረት የ2012ቱ ጥቃት የጀመረው በዚያው ዓመት አጋማሽ አንድ ሠራተኛ በማታለያ ኢሜይል የመጣን ማያያዣ በመክፈቱ ነው። ዛሬም ማታለያው በአጭር መልእክት፣ በዋትስአፕና በስልክ ጥሪ ይመጣል። ደዋዩ ከባንክ ወይም ከመንግሥት ቢሮ እንደሆነ ተናግሮ ወደ ስልክ የተላከውን የማረጋገጫ ቁጥር ይጠይቃል። ያን ቁጥር ለሌላ ሰው መስጠት የቤትን ቁልፍ ለማይታወቅ ሰው እንደማስረከብ ነው፤ ምክንያቱም በናፋዝም ሆነ በአብሸር በኩል በስሙ የሚፈጸመው ሁሉ በባለቤቱ እንደተፈጸመ ይቆጠራል።

ብልህ አስተዳዳሪ የተሳሳተውን ሠራተኛ አስቀድሞ በቅጣት አያስፈራራም። የሚፈራ ሰው ስሕተቱን ይደብቃል፤ የተደበቀ ስሕተትም ቫይረሱ የሚዛመትበትን ጊዜ ይሰጠዋል። «የማላውቀውን መልእክት ከፍቻለሁ» ብሎ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚናገር ሠራተኛ ለድርጅቱ ባለውለታ ነው። ሥልጠናውም ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋ ሊሰጥ ይገባል። በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ ብቻ ተጽፎ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ መመሪያ፣ ቋንቋውን ለማያነብ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ሾፌር ወይም የመጋዘን ሠራተኛ ከወረቀትነት አያልፍም።

ከአገር ቤት የተገኘ ትምህርት

የመረጃ ቴክኖሎጂ አስተዳደር ፈተና ከውጭ በሚመጣ ጠላት ብቻ የሚወሰን አይደለም። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2024 ሌሊት፣ በኢትዮጵያ ትልቁ ባንክ በሆነው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተፈጠረ የሥርዓት ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ወሬው በማኅበራዊ ሚዲያ፣ በተለይም በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል በፍጥነት ተዛመተ፤ ባንኩ ዝውውሩን ለማስቆም ሰዓታት ወሰደበት። ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደወጣ የመገናኛ ብዙኃን ዘገቡ። ባንኩ ችግሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጾ ገንዘቡን የወሰዱ ሁሉ እንዲመልሱ ጠየቀ፤ በፈቃዳቸው የመለሱም በወንጀል እንደማይከሰሱ አስታወቀ።

በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ኩባንያ የላከው ስሕተት ያለበት ማሻሻያ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮችን በአንድ ቀን አቆመ። በዓለም ዙሪያ በረራዎች ተሰረዙ፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተስተጓጎሉ። ጥፋቱን ያደረሰው ጥበቃ እንዲያደርግ የተቀጠረው ሶፍትዌር ራሱ ነበር።

ሁለቱ አጋጣሚዎች አንድ ነገር ያስተምራሉ። ለውጥ ሁሉ አስቀድሞ በጥቂቱ ሊሞከር፣ ሲበላሽ የሚመለስበት መንገድ ሊዘጋጅለት፣ በሌሊትም ቢሆን «አቁሙ» የማለት ሥልጣን ያለው ሰው ሊኖር ይገባል። ኢትዮጵያም በዚሁ ዓመት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን በማውጣት የሰዎችን መረጃ የሚይዙ ድርጅቶች ኃላፊነት በሕግ እንዲወሰን አድርጋለች።

ሳይቃጠል በቅጠል

እ.ኤ.አ. በማርች 1938 በዘህራን ከደማም ቁጥር 7 ጉድጓድ ለንግድ የሚበቃ ነዳጅ ሲፈልቅ የክልሉ ሀብት ከመሬት በታች ነበር። ዛሬ ከዚያ ሀብት ጎን ሌላ ሀብት ተቀምጧል፤ እርሱም የውሎች፣ የደመወዝ፣ የሕክምናና የማንነት መረጃ ነው። ይህ መረጃ በድርጅቶች እጅ የተቀመጠ አማና ነው። አማናን የተቀበለ ሰው ስለ ጠባቂው ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱ ጥንቃቄም ይጠየቃል።

የ2012ቱ ረቡዕ ያሳየው፣ ገንዘብና ባለሙያ የሞላው ድርጅት እንኳ በአንድ ረፋድ ወደ ወረቀትና ፋክስ ሊመለስ እንደሚችል ነው። ያዳነውም አስቀድሞ የተሠራው መለያየት ነበር። በደማምም ሆነ በኹበር ያለ የማንኛውም ድርጅት ኃላፊ ለመጀመር ብዙ አያስፈልገውም። መጪው ዒድ ወይም ረጅም ዕረፍት ከመድረሱ በፊት ተረኛው ማን እንደሆነ በስም ይወቅ፤ ከኔትወርኩ ተነጥሎ የተቀመጠውን ቅጂ አስመልሶ በዓይኑ ይይ፤ ሥራ የለቀቁ ሰዎች መለያ መዘጋቱን ያረጋግጥ። እነዚህ ሦስት ሥራዎች ከግማሽ ቀን ብዙም አይበልጡም፤ ሳይሠሩ ከቀሩ ግን የሚያስከፍሉት ዋጋ በወራት የሚቆጠር ነው።